አራተኛው ፊደል

ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሦስቱም 1 ናቸው። በአንድ የታወቀ ቀመር ውስጥ ሲያልፉ −7፣ 3 እና 1 ሆነው ይወጣሉ። የመመለሻው ቀመር ሲሠራባቸው ደግሞ እንደገና ሦስት አንዶች ይሆናሉ። በቀመሩ ውስጥ ከመደመር፣ ከመቀነስና ከማባዛት ሌላ ስሌት የለም፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እርሳስና ወረቀት ይዞ ሊሠራው ይችላል።

ቀመሩን የጻፉት ጃፓናዊው የሒሳብ ሊቅ ማሳዮሺ ናጋታ ናቸው። በ1972 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በታተመው ጥራዛቸው ውስጥ ቀመሩን አሰፈሩና አንድ ግምት አከሉበት፦ ይህ ለውጥ፣ የቱንም ያህል ቢለፋበት፣ ወደ ተራ እርምጃዎች ሊበተን አይችልም። ግምቱ እውነት መሆኑ የተረጋገጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ግን በመካከሉ የሆነው ነው። ማረጋገጫው ከመውጣቱ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሦስቱ ቁጥሮች ጎን አራተኛ ቁጥር ቢቀመጥ ያው ለውጥ በጥቂት ተራ እርምጃዎች እንደሚፈጸም ታውቆ ነበር። አራተኛው ቁጥር ደግሞ ምንም አይሆንም፤ እንደገባ ይወጣል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማየት ከመሠረቱ መነሳት ይሻላል።

ፖሊኖሚያል ማለት ፊደሎችን በቁጥርም እርስ በርሳቸውም በማባዛት፣ ከዚያም በመደመርና በመቀነስ የሚጻፍ አገላለጽ ነው፤ ለምሳሌ 3×ሀ + ለ²። በፊደል ማካፈል የለም፤ ሥር ማውጣትም የለም። አሁን ሀ እና ለ የተባሉ ሁለት ቁጥሮች ይኑሩ፤ ሀ በአንድ ፖሊኖሚያል፣ ለ በሌላ ፖሊኖሚያል ይተኩ። ከውጤቱ ተነስቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚመልስ መንገድ ካለ፣ መንገዱም ራሱ በፖሊኖሚያል ብቻ የሚጻፍ ከሆነ፣ ለውጡ አውቶሞርፊዝም ይባላል። ሀን በሀ² መተካት አውቶሞርፊዝም አይደለም፤ 3 እና −3 ሁለቱም 9 ስለሚሆኑ 9ን ያገኘ ሰው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሀን በሀ³ መተካትም አይሆንም። እዚህ መመለስ ይቻላል፤ ግን ሥር ማውጣት ይጠይቃል፤ ሥር ማውጣት ደግሞ ተከልክሏል።

ታዲያ የሚመለስ ለውጥ እንዴት ይሠራል? ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መለወጥ ነው። ለ ባለበት ይቆይ፤ ሀ ግን ሀ + ለ² ይሁን። 5 እና 3 የነበሩት 14 እና 3 ይሆናሉ። ለ ስላልተነካ ምን እንደተጨመረ ይታወቃል፤ ከ14 ላይ 9 ቢቀነስ 5 ይመለሳል። የሚጨመረው ነገር ለ² ይሁን ወይም መቶ ጊዜ በራሱ የተባዛ ለ፣ ለመመለሱ ልዩነት የለውም። ቀጥሎ ተራው የለ ይሁን፤ በአዲሱ ሀ ተደግፎ ለ + ሀ³ ይሁን። 14 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2744 ነው፤ ስለዚህ 14 እና 2747 ይገኛሉ። መልሱ ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጀመሪያ 2744 ይቀነሳል፣ ከዚያ 9። ሹሩባ እንደ መፍታት ነው፤ መጨረሻ የተጎነጎነው ቀድሞ ይፈታል፣ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ቀላል ነው፣ ተጎንጉኖ ያለቀውን ያየ ግን ከየት እንደሚጀመር ግራ ይገባዋል።

እንዲህ ባሉ አንድ ፊደል ብቻ በሚነኩ እርምጃዎች፣ በተጨማሪም ፊደሎችን ቦታ በማለዋወጥና በቁጥር በማባዛት ዓይነት ተራ ለውጦች ተደራርቦ የሚሠራ አውቶሞርፊዝም ገራም ይባላል። በዚህ መንገድ የማይገኘው ደግሞ ያልተገራ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ያልተገራ የሚባል ነገር ጨርሶ አለ ወይ ነው።

በሁለት ፊደል የለም።

ይህን በ1942 ያሳዩት ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ዩንግ ናቸው። የእሳቸው ማረጋገጫ ለተለመዱት ቁጥሮች የሚሠራ ነበር፤ በ1953 የኔዘርላንዱ ቫን ደር ኩልክ ለሌሎች የቁጥር ዓለማትም፣ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ላሉባቸው ጭምር፣ አዳረሱት። ውጤቱ ሲታሰብ ይደንቃል። በሁለት ፊደል ማንኛውም የሚመለስ የፖሊኖሚያል ለውጥ፣ ቀመሩ ገጽ ሙሉ ቢሆን እንኳ፣ ከላይ በታየው ዓይነት እርምጃ ተራ በተራ የተሠራ ነው። መበተኛ ዘዴም አለው። ሁለቱን ፖሊኖሚያሎች ጎን ለጎን አድርጎ ትልቁን ደረጃ፣ ማለትም አንድ የብዜት ቁራጭ በውስጡ የሚይዘውን የፊደል ብዛት፣ ማየት ነው። አውቶሞርፊዝም ከሆነ የአንዱ ደረጃ ሁልጊዜ ሌላውን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ደረጃ 2 እና 6 ሊሆን ይችላል፤ 2 እና 3 ግን በፍጹም። ከትልቁ ላይ የትንሹን ተስማሚ ብዜት ሲቀንሱ ደረጃው ይወርዳል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ታች ይደረሳል። መሀል ላይ ከተቆለፈ ነገሩ ከመጀመሪያውም አውቶሞርፊዝም አልነበረም ማለት ነው።

የዩንግ ውጤት ከአልጀብራ ውጭ ከአንድ ታዋቂ ሥዕል ጋር ይገናኛል። በኒስ የከዋክብት መመልከቻ ይሠሩ የነበሩት ፈረንሳዊው ሚሼል ኤኖን በ1976 አንድ የሁለት ፊደል ለውጥ አሳተሙ። የሠሩት በሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ለ ወደ 1 + ለ − 1.4×ሀ² ይቀየራል፤ ይህ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ነጥብ የሚሳሉበትን ሜዳ ያጥፈዋል። ከዚያ ሀ በ0.3 ተባዝቶ ይጠብባል። በመጨረሻ ሀ እና ለ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ይህን ሺህ ጊዜ ለደጋገመ ሰው ነጥቦቹ ተበታትነው አይቀሩም፤ የፈረስ ኮቴ የመሰለ፣ ሲያጎሉት ውስጡ ሌላ መስመር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ መስመር የሚታይበት ቅርጽ ይሠራሉ። በሳይንስ ዓለም ስለ ትርምስ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሥዕል የሌለበት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሽሙኤል ፍሪድላንድና ጆን ሚልነር በ1989 እንዳሳዩት፣ በሁለት ፊደል ውስጥ ትርምስ የሚፈጥሩ የሚመለሱ የፖሊኖሚያል ለውጦች ሁሉ በመሠረቱ የኤኖንን የመሰሉ እርምጃዎች ተያይዘው የሚሠሯቸው ናቸው። ይህን ለማለት ያስቻላቸው የዩንግ ውጤት ነው፤ ምን ምን እንዳለ ዝርዝሩ አስቀድሞ በእጃቸው ነበርና።

አንዱን ሳይነኩ ሌላውን የመለወጥ ዘዴ በሌላም ቦታ ይገኛል። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት መደበኛ የምስጢር መጻፊያ ያደረገው፣ ባንኮችም ለረጅም ጊዜ የተገለገሉበት ዲ.ኢ.ኤስ. መልእክቱን በሁለት ግማሽ ይከፍላል። አንዱ ግማሽ ሳይነካ ይቆያል፤ ከእሱና ከቁልፉ የተሰላ ነገር ወደ ሌላው ግማሽ ይጨመራል፤ ከዚያ ግማሾቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ 16 ጊዜ ይደገማል። የሚጨመረው ነገር እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ለብቻው ወደ ኋላ መመለሻ እንኳ የለውም። ግን መመለስ አያስፈልገውም፤ ያልተነካው ግማሽ ስላለ እንደገና ይሰላና ይቀነሳል።

ከሁለት ፊደል ወደ ሦስት ሲገባ ግን የዩንግ ውጤት የሚሰጠው ዋስትና ሁሉ ይጠፋል።

ናጋታ በ1958 በኤድንብራ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ የሒሳብ ሊቁ ሂልበርት ካቀረቧቸው ዝነኛ ጥያቄዎች የአሥራ አራተኛው መልስ «አይደለም» መሆኑን በምሳሌ ያሳዩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው «ይህ አይበተንም» ሲል የሚሰማው አያጣም። ቀመራቸው ይህ ነው። ሦስቱ ፊደሎች ሀ፣ ለ እና መ ይባሉ። መጀመሪያ ቀ የሚባል ነገር ይሰላል፤ ቀ = ሀ×መ + ለ²። ከዚያ፦

ሀ ወደ ሀ − 2×ለ×ቀ − መ×ቀ² ይለወጣል፤
ለ ወደ ለ + መ×ቀ ይለወጣል፤
መ ባለበት ይቆያል።

ሦስቱም 1 ሲሆኑ ቀ = 1 + 1 = 2 ነው። ሀ ወደ 1 − 4 − 4 = −7፣ ለ ወደ 1 + 2 = 3 ይሄዳል። የቀመሩ ጉልበት ያለው ቀ ላይ ነው። በአዲሶቹ ቁጥሮች ቀ እንደገና ቢሰላ −7×1 + 9 = 2 ይወጣል፤ ያው 2። ይህ የእነዚህ ቁጥሮች አጋጣሚ አይደለም፤ የትኞቹም ቁጥሮች ቢገቡ ቀ አይለወጥም። ቀ ካልተለወጠ፣ መም ካልተነካ፣ የተጨመረው ሁሉ ይታወቃል፤ ስለዚህ ይመለሳል። ለ ወደ ለ − መ×ቀ፣ ሀ ወደ ሀ + 2×ለ×ቀ − መ×ቀ² ቢለወጥ መጀመሪያው ቦታ ላይ ይደረሳል፤ 3 − 2 = 1፣ −7 + 12 − 4 = 1።

አሁን በሁለት ፊደል የሠራው ዘዴ ይሞከር። የለውጡ ሦስት ክፍሎች ደረጃቸው 5፣ 3 እና 1 ነው። ደረጃ 5 ያለውን ለማውረድ አናቱን፣ ማለትም መ×ቀ²ን፣ ከሌሎቹ ሁለት አናቶች ማለትም ከመ×ቀ እና ከመ በማባዛት ማግኘት ያስፈልጋል። መ×ቀ በራሱ ሲባዛ መ²×ቀ² ይሆናል። አንድ መ ተርፏል። ትርፉን ለማስወገድ በመ ማካፈል ያስፈልጋል፤ በፊደል ማካፈል ደግሞ የለም። በር ላይ የሚያስቀረው ይህ አንድ ትርፍ መ ነው።

ማካፈል ቢፈቀድ ኖሮ ሥራው ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር። ሀ ላይ ለ²/መ ይጨመራል፤ ለ ላይ መ²×ሀ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ከሀ ላይ ለ²/መ ይቀነሳል። በሦስቱ አንዶች ሲሞከር ሀ 2 ይሆናል፣ ለ 3 ይሆናል፣ ሀ እንደገና 2 − 9 = −7 ይሆናል። ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መ ዜሮ የሆነ ዕለት ግን በዜሮ ማካፈል ይመጣና መንገዱ ይዘጋል፤ የናጋታ ቀመር ግን መ ዜሮ ሲሆንም ያለ ችግር ይሠራል። መድረሻው ደህና ሆኖ ሳለ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ መሀል ላይ ገደል አለበት።

ናጋታ ራሳቸው ያረጋገጡት አንድ ነገር ነበር፤ መን ጨርሶ የማይነኩ እርምጃዎች ብቻ ከተፈቀዱ ቀመሩ እንደማይበተን። ግን መንም እየነካኩ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየሄዱ፣ በመጨረሻ ወደ ቦታው የሚመልሱት ቢሆንስ? ይህን መልስ አላገኙለትም።

በዚህ መሀል ሌላ በር ተከፈተ። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ማርታ ስሚዝ በ1989 ባወጡት ጽሑፍ፣ ረ የሚባል ረዳት ፊደል ሲጨመር የናጋታ ለውጥ ገራም እንደሚሆን አሳዩ። ሥራው አጭር ስለሆነ እዚሁ ሊሠራ ይችላል። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ አንድ ይሁኑ፤ ረዳቱ ረ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ 5 ይባል።

በመጀመሪያው እርምጃ ረ ላይ ቀ ይጨመራል። ቀ 2 ስለሆነ ረ 7 ይሆናል፤ ሌሎቹ አልተነኩም። በሁለተኛው እርምጃ በናጋታ ቀመር ውስጥ በቀ ቦታ ረ ይገባና ሀ እና ለ ይለወጣሉ። ሀ = 1 − 14 − 49 = −62፤ ለ = 1 + 7 = 8። ረ ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ ይህ ፍጹም ተራ ለውጥ ነው፤ መጀመሪያ ሀ፣ ቀጥሎ ለ፣ እያንዳንዱ ባልተነካ ነገር ተደግፎ። ቀ አሁንም −62 + 64 = 2 ነው። በሦስተኛው እርምጃ ከረ ላይ ቀ ይቀነስና ረ ወደ 5 ይመለሳል። በአራተኛው ያው የሁለተኛው ዓይነት እርምጃ በተቃራኒ ምልክት፣ በ−5፣ ይደገማል። ሀ = −62 + 80 − 25 = −7፤ ለ = 8 − 5 = 3።

−7፣ 3፣ 1፤ ረዳቱም 5፣ እንደገባ። ረ በ5 ፈንታ 500 ቢሆን መሀል ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ይገዝፋሉ እንጂ መጨረሻው አይለወጥም። በመ ማካፈል ያስፈልግ የነበረበት ቦታ ቀን ለጊዜው በአደራ በያዘ ፊደል ተተካ። እንዲህ ረዳት ፊደል ሲጨመር የሚገራ አውቶሞርፊዝም በረዳት ገራም ይባላል። የቴክኒኩ ውበት ትንሽነቱ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ አንድን ዋጋ ለአፍታ በጊዜያዊ ቦታ አስቀምጦ እንደሚያነሳው ዓይነት ሥራ በመ ማካፈልን የጠየቀውን እንቅፋት ያስወግዳል።

ግን የናጋታን ጥያቄ አልፈታም። ጥያቄው በሦስት ፊደል ስላለው ነው፤ «ሊበተን ይችላል» ለማለት አንድ መንገድ ማሳየት ሲበቃ «ሊበተን አይችልም» ለማለት ደግሞ ማለቂያ የሌላቸውን መንገዶች ሁሉ መዝጋት ያስፈልጋል። በሁለት ፊደል ደረጃው እየወረደ ብቻ ይሄዳል፤ ቀጥታ የማይወርድ ከሆነ አለቀ። በሦስት ፊደል ግን ወደ ታች ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት የሚጠይቁ ገራም ለውጦች አሉ። ስለዚህ የናጋታ ለውጥ ቀጥታ አለመውረዱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሽቅብ ወጥቶ፣ በሩቅ ዞሮ የሚወርድ ስውር መንገድ ሊኖረው ይችላል።

መንገዶቹን የዘጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከኖቮሲቢርስክ የአልጀብራ ትምህርት ቤት ወጥተው በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኢቫን ሼስታኮቭ እና ያኔ በካዛኽስታን ርዕሰ ከተማ አስታና የነበሩት ኡአልባይ ኡሚርባዬቭ። በ2003 አጭር ማስታወቂያ በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት አወጡ፤ በ2004 ሙሉው ማረጋገጫ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት በሁለት ተከታታይ ጽሑፎች፣ ወደ ሃምሳ በሚጠጉ ገጾች ታተመ። በ2007 ማኅበሩ በኢ. ኤች. ሙር ስም የሚሰጠውን የምርምር ጽሑፍ ሽልማት ሰጣቸው።

መሣሪያቸው ከማይጠበቅ ቦታ የመጣ ነበር። ሲሜዮን ዴኒ ፖይሶን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ለማስላት ያበጁት፣ ዛሬም የፊዚክስ ተማሪዎች የፖይሶን ቅንፍ እያሉ የሚማሩት ስሌት ነው። ሁለት ፖሊኖሚያሎች ሲደባለቁ አናቶቻቸው ሊጣፉና የውጤቱ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። እስከየት ድረስ? ሼስታኮቭና ኡሚርባዬቭ የሁለቱን ፖሊኖሚያሎች የፖይሶን ቅንፍ በማየት፣ ደረጃው ከዚህ በታች አይወርድም የሚያሰኝ ወለል አገኙ። ወለሉ ከታወቀ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም መንገዶቹ ተቆጠሩ፤ ማንኛውም የሦስት ፊደል ገራም ለውጥ፣ መስመራዊ ካልሆነ፣ ወይ ቀጥታ ይወርዳል ወይ ደግሞ ከአራት ልዩ ቅርጾች በአንዱ በኩል ይወርዳል። የናጋታ ለውጥ ከአምስቱ አንዱንም አያሟላም። ያልተገራ ነው። በዚያውም አንድ ትርፍ ተገኘ፤ ማንኛውም የሦስት ፊደል አውቶሞርፊዝም ቢቀርብ ገራም መሆን አለመሆኑን የሚለይ ዘዴ አሁን አለ።

ይህ ማረጋገጫ በሒሳብ ውስጥ ካሉት አድካሚ ንባቦች አንዱ ነው። ጃፓናዊው ሺገሩ ኩሮዳ በኋላ አካሄዱን በሰፊው ደግመው ሠርተውታል፤ ከአራቱ ልዩ ቅርጾች አንዱ ጨርሶ የማይከሰት መሆኑንም አሳይተዋል።

ታዲያ አሁን ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ይላሉ? አለመገራት የለውጡ የራሱ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ለሥራው ከተሰጠው የፊደል ቁጥርም ጋር የተያያዘ ነው። ያው ቀመር በሦስት ፊደል ያልተገራ፣ በአራት ገራም ነው። ይህ ደግሞ ትልቁን ጥያቄ ያመጣል፤ በቂ ረዳት ፊደል ቢሰጠው የማይገራ አውቶሞርፊዝም አለ? ዮስት ቤርሶን፣ አርኖ ቫን ደን ኤሰን እና ዴቪድ ራይት በ2012 አንድ ሰፊ ክፍል ዘግተዋል፤ እንደ ናጋታ ሦስት ፊደል ይዞ አንዱን የማይነካ አውቶሞርፊዝም ሁሉ በረዳት ገራም ነው። ሦስቱንም ለሚነኩት እንዲህ ያለ አጠቃላይ መልስ የለም። በአራት ፊደል ደግሞ ያልተገራ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ምሳሌ እንኳ አይታወቅም።

በገራሙና ባልተገራው መካከል ያለው ድንበርም ቢሆን እንደሚታሰበው ጽኑ አይደለም። ኤሪክ ኤዶ እና ፒየር-ማሪ ፖሎኒ እንዳሳዩት፣ ገራም ለውጦች በተከታታይ እየተቀራረቡ ሄደው መጨረሻቸው ያልተገራ ለውጥ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚበተን ነገር፣ በመድረሻው ላይ አይበተንም።

ከወረቀት የወጣውም ታሪክ አለ፤ ደስ የሚል ባይሆንም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ትዙንግ-ትሲየንግ ሞህ፣ የአልጀብራ ሰው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገራም ለውጦችን ለምስጢር መጻፊያ አዋሉ፤ የአሜሪካ ፓተንትም አገኙበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ባለቤቱ ብዙ ፊደሎች ያሏቸውን ተራ እርምጃዎች ይደራርባል፣ ሁሉንም አባዝቶ አንድ ትልቅ የፖሊኖሚያሎች ዝርዝር ያደርጋቸዋል፣ ዝርዝሩን ለሕዝብ ያወጣል። የፈለገ ሁሉ መልእክቱን በዚያ ያመሰጥራል፤ መፍታት የሚችለው እርምጃዎቹን የሚያውቀው ብቻ ነው። በዲሴምበር 2000 ኪዮቶ ላይ በተካሄደው የእስያ የምስጢር አጻጻፍ ጉባኤ ሉዊ ጉበን እና ኒኮላ ኩርትዋ ዘዴው እንደሚሰበር አሳዩ። ተባዝተው በተዘረዘሩት ፖሊኖሚያሎች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አሻራ ይቀራል፤ አንዳንድ የዝርዝሩ ድምሮች ከሚገባው በላይ ቀላል ሆነው ይወጣሉ፤ እነዚያን ፈልጎ ማግኘት ከቁልፉ ጋር ያደርሳል። የዚህ ቤተሰብ ሩቅ ዘመድ የሆነው ሬይንቦው የተባለ የፊርማ ዘዴም በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ውድድር እስከ መጨረሻው ዙር ከደረሰ በኋላ በ2022 ዋርድ ቤውለንስ እሱን ለመስበር አንድ ላፕቶፕና አንድ ቅዳሜና እሑድ እንደሚበቃ አሳዩ። በእርምጃ ተሠርቶ የተደበቀ ነገር እርምጃዎቹን ሙሉ በሙሉ መደበቅ ይከብደዋል።

ኮምፒውተር የሚሠራው ማለቂያ ባላቸው የቁጥር ዓለማት ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። አራት ቁጥሮች ብቻ ያሉበት፣ ሁለት አንዶች ሲደመሩ ዜሮ የሚሆኑበት ዓለም አለ። በዚያ ሦስት ፊደል ሊወስዷቸው የሚችሉት ጠቅላላ አማራጮች 64 ናቸው፤ አንድ አውቶሞርፊዝም እነዚህን 64 ነጥቦች ቦታ ያለዋውጣል። ኔዘርላንዳዊው ስቴፋን ማውባክ በ2001 ቀላል የሚመስል ነገር አስተዋሉ። በዚህ ዓለም አንድ ተራ እርምጃ ነጥቦችን የሚያንቀሳቅሰው በአራት አራት ቡድን፣ በየቡድኑም ሁለት ሁለት ጥንድ በማለዋወጥ ነው። ስለዚህ የጥንድ ልውውጦቹ ቁጥር ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የቱንም ያህል እርምጃ ቢደራረብ ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ በዚህ ዓለም ጎዶሎ የልውውጥ ቁጥር የሚሰጥ አንድ አውቶሞርፊዝም ቢገኝ፣ ያለ ሃምሳ ገጽ፣ በመቁጠር ብቻ ያልተገራ መሆኑ ይረጋገጣል።

የናጋታ ቀመርስ? እዚያ ሁለት ጊዜ 1 ዜሮ ስለሆነ 2×ለ×ቀ ይጠፋል፤ ለውጡም ሁለት ጊዜ ቢሠራ ራሱን ይሽራል። መ ወይም ቀ ዜሮ የሆኑባቸው 28 ነጥቦች አይንቀሳቀሱም፤ የቀሩት 36 ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለዋወጣሉ። 18 ጥንድ፤ ሙሉ ቁጥር። መፈተኛው ስለ እሱ ዝም ይላል። ጎዶሎ የሚሰጥ ሌላ አውቶሞርፊዝም በኮምፒውተርም በእጅም ተፈልጓል፤ አልተገኘም፤ እንደማይገኝም ያረጋገጠ የለም።